በቀድሞ ቤቶች ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ምንድን ነው? ስለ ግድግዳ፣ ነፋስና ጣሪያ

ሰገነት፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ደረቅና ሞቃታማ በሆነ አካባቢ ለሚሠራ አንድ መኖሪያ ቤት ንድፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ የውጭው አየር እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ግን ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። የቤቱ ባለቤቶች የሚፈልጉት የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን ሳይገጠም ሊኖሩበት የሚችሉትን ቤት ነው። ስለዚህም ማሽን ባልነበረበት ዘመን ሰዎች ቤታቸውን ከአየር ጠባያቸው ጋር እንዴት ያስማሙ እንደነበር ማጥናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

መረጃው ሞልቷል፤ ያስቸገረኝ አጠቃቀሙ ነው። አንዱ ጽሑፍ በኢራን የያዝድ ከተማን የነፋስ ማማዎች፣ ማለትም ነፋስን ከከፍታ ይዘው ወደ ቤት የሚያወርዱትን፣ ያሳያል፤ ሌላው በየመን የሺባምን የጭቃ ጡብ ፎቆች ያነሳል፤ ሦስተኛው በማሌይ ባሕረ ገብ መሬት በምሰሶ ላይ የቆሙትን የእንጨት ቤቶች ያወድሳል። ሁሉንም «ከተፈጥሮ ጋር የተስማሙ» በሚል አንድ ስም ይጠሯቸዋል። ይሁን እንጂ አንዱ ግድግዳውን ሲያወፍር ሌላው የሌለ እስኪመስል ያሳሳዋል፤ አንዱ መስኮቱን ሲያጠብ ሌላው ቤቱን ለነፋስ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ከሆኑ፣ ለእኔ ቦታ የሚሆነውን የምለየው በምንድን ነው? የነፋስ ማማስ በማንኛውም ሞቃት ቦታ ቢተከል ያቀዘቅዛል? በተጨማሪም ባለቤቶቹ ጣሪያው ቆርቆሮ እንዲሆን ወስነዋል፤ ከቆርቆሮ ሥር ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ማቆም ጥቅም ይኖረዋል? በሥራው ያለፋችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ካብና ጭቃ፦

ሰገነት፣ የሚፈልጉት መለያ በጻፉት ቁጥር ውስጥ አለ። ቀኑ 38 ሌሊቱ 20 ከሆነ በመካከላቸው የ18 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ ወፍራም ግድግዳ ዋጋ የሚኖረውም በዚህ ልዩነት ልክ ነው። ፀሐይ የግድግዳውን ውጫዊ ገጽ ስታሞቅ ሙቀቱ ወደ ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው፤ በመንገዱም የግድግዳውን አካል እያሞቀ ስለሚያልፍ ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጭቃ ጡብ ግድግዳ የቀትሩ ሙቀት ከውስጠኛው ገጽ ለመድረስ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የጡቡ ክብደትና የያዘው እርጥበት ይህን ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ቀትር ላይ ጉዞ የጀመረው ሙቀት ውስጥ የሚደርሰው ሌሊት፣ የውጭው አየር በቀዘቀዘበትና መስኮቶች ሁሉ ክፍት በሆኑበት ጊዜ ነው። ሌሊቱን የሚገባው ቀዝቃዛ አየር የግድግዳውን ሙቀት ጠርጎ ያወጣል፤ ማለዳ መስኮቱ ሲዘጋም ቤቱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይውላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የነዋሪው ድርሻ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ቀን ተከፍቶ ከዋለ ትኩሱ አየር ግድግዳውን ከውስጥ በኩል ያሞቀዋል፤ ሌሊት ተዘግቶ ካደረም የተጠራቀመው ሙቀት መውጫ ያጣል። በያዝድ ነባር ቤቶች ነዋሪዎቹ ከዚህም አልፈው እንደ ወቅቱ በግቢው ዙሪያ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወሩ ነበር። የሙቀት ወራት ክፍሎች ከግቢው በስተ ደቡብ ሆነው ፊታቸውን ወደ ሰሜን ስለሚያዞሩ ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም አያገኛቸውም፤ የብርድ ወራት ክፍሎች ደግሞ በስተ ሰሜን ሆነው ወደ ደቡብ ይመለከታሉ። ከተማዋ በ32 ዲግሪ ሰሜናዊ ኬክሮስ ገደማ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ከአድማስ 81 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በታኅሣሥ ግን ከ35 ዲግሪ አትበልጥም። በዚህም ምክንያት ወደ ደቡብ የሚመለከት ክፍል መጠነኛ ክፈፍ ብቻ ቢኖረው እንኳ በሰኔ ጥላ፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ያገኛል። ይህን የመሰለ የጠራ ስሌት ያለ ወረቀት፣ በአኗኗር ብቻ ከትውልድ ወደ ትውልድ መሻገሩ ዘወትር ያስደንቀኛል።

ምድርን ራሷን ግድግዳ ያደረጉም አሉ። ከመሬት በታች ጥቂት ሜትሮች ሲወርዱ የአፈሩ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው ዓመታዊ አማካይ ብዙም አይርቅም። በቱኒዚያ ማትማታ ግቢውን ወደ ታች ቆፍረው ክፍሎቹን በዙሪያው የፈለፈሉት፣ በቻይና የሎስ ደጋም ሚሊዮኖች የኖሩባቸው ያውዶንግ የተባሉት የዋሻ ቤቶች የተሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አፈሩ ሳይጠና ግን ይህን ለእርስዎ አልመክርም።

ሞገድ፦

ካብና ጭቃ የጻፉት ለደረቅ አገር ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። እኔ የምሠራው በእርጥብ የባሕር ጠረፍ ስለሆነ፣ ይህን ክር የሚያነብ ሌላ ሰው ወፍራም ግድግዳን የሙቀት ሁሉ መድኃኒት አድርጎ እንዳይወስደው ወሰኑን ላሳይ። ቀኑ 33፣ ሌሊቱ 27 ዲግሪ በሆነበት ጠረፍ ልዩነቱ 6 ዲግሪ ብቻ ነው። ግድግዳውን የሚያቀዘቅዝ ሌሊት በሌለበት ወፍራም ግድግዳ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት በተኛው ሰው ላይ ይመልሰዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰውን የሚያሳርፈው ላቡን የሚያደርቅለት ነፋስ ነው፤ የማሌይ ቤት እያንዳንዱ ክፍልም ለነፋስ የተሠራ ነው። ቤቱ በምሰሶ ላይ ከፍ የሚለው ከመሬት ራቅ ሲሉ ነፋሱ ስለሚበረታ፣ ወለሉም ከጎርፍና ከእርጥበት ስለሚጠበቅ ነው። በወለሉ ሳንቃዎች መካከል ባለው ክፍተትም አየር ከታች ይገባል። ጣሪያው ቁልቁል የሆነው ዝናቡ ቶሎ እንዲወርድ ሲሆን ክፈፉ የረዘመው ደግሞ ዝናብ እየጣለም መስኮት ሳይዘጋ እንዲቆይ ነው። ዝናብ ሲመጣ መስኮት መዝጋት ግድ ከሆነ፣ በእርጥብ አገር ቤቱ ነፋስ በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ይታፈናል፤ ስለዚህ ከግድግዳው ይልቅ የክፈፉን ርዝመት አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ወደ ነፋስ ማማው ልመለስ። ማማው ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል፤ ሰዎች የሚቀላቅሏቸውም እነዚህን ነው። የመጀመሪያው በከፍታ ላይ ያለውን ፈጣን ነፋስ ይዞ ወደ ክፍሉ ማውረድ ነው። በያዝድ በዶውላትአባድ የአትክልት ስፍራ የሚገኘው ማማ 33 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የወረደውን አየር በኩሬ ላይ ወይም ቃናት በተባለው የምድር ውስጥ የውኃ ቦይ አጠገብ አሳልፎ በውኃ ትነት ማቀዝቀዝ ነው። ትነቱ አየሩን ዝቅ ሊያደርግ የሚችልበት የመጨረሻ ወሰን የሙቀት መለኪያ ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ ሲያገኘው የሚያሳየው ዲግሪ ነው። 40 ዲግሪ የሞቀ አየር አንጻራዊ እርጥበቱ 15 በመቶ ቢሆን ይህ ወሰን 21 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 33 ዲግሪ የሆነ አየር ግን እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ወሰኑ 30 ዲግሪ ላይ ይቆማል። በደረቁ አገር 19 ዲግሪ የሚደርስ ዕድል አለ፤ በጠረፉ 3 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ያውም በቀድሞው ላይ እርጥበት ጨምሮ። ስለዚህ የማማው የመጀመሪያ ሥራ በጠረፍም ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ግን የደረቅ አገር ሀብት ነው።

የማማው አፍም እንደ ነፋሱ ይለያያል። በፓኪስታን ሲንድ ግዛት በሃይደራባድ በቤቶቹ ጣሪያ ላይ የነበሩት የነፋስ ማጥመጃዎች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከቱ ነበር፤ በሙቀቱ ወራት ነፋሱ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነበርና። በካይሮ መልቀፍ የሚባለው ማጥመጃ አፉን ወደ ሰሜን ይከፍታል። የያዝድ ማማዎች ብዙዎቹ በሁሉም አቅጣጫ የተከፈቱ ሲሆኑ አንዱ ጎን ነፋስ ሲቀበል ሌላው ጎን የሞቀውን አየር ያስወጣል። እርስዎ ማማ ከመሳልዎ በፊት የቦታዎን ነፋስ አቅጣጫና ሰዓት ማወቅ ይኖርብዎታል።

ሰገነት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በቦታው ያለው እርጥበት በሙቀቱ ወራት ዝቅተኛ ነው፤ ነፋሱም ከአመሻሹ ጀምሮ ከአንድ አቅጣጫ ይነፍሳል። ቀን ቀን ግን አቧራ ስለሚያመጣ ማማው አቧራውን ወደ ቤት ያወርደዋል ብዬ እሰጋለሁ። የጣሪያው ጥያቄዬም ገና አልተመለሰም።

ወራጅና ማገር፦

ስለ ጣሪያ የምለው ብዙ ስላለኝ ዘለግ ብል ይፈቀድልኝ። በሐሩር ክልል ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትውል ከቤቱ ገጾች ሁሉ የበለጠውን ሙቀት የሚቀበለው ጣሪያ ነው። ግድግዳውን 40 ሳንቲ ሜትር አወፍሮ ጣሪያውን በአንድ ስስ ቆርቆሮ መክደን፣ በግድግዳው የተገኘውን ሁሉ በላይ በኩል መልሶ ማፍሰስ ነው። ቆርቆሮ ሙቀትን የሚያዘገይበት ውፍረት የለውም፤ ፀሐይ ባገኘችው በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ ከዚያም ግለቱን በቀጥታ በታቹ ወዳለው ሰው ያወርዳል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ቀትር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነፋስ እየገባም አናቱ ሲቃጠል ይሰማዋል፤ ምክንያቱም የሚያሠቃየው የአየሩ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከላይ የሚወርደው ጨረር ጭምር ነው።

የሣር ክዳን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ብልሃቱ ያለው በሣሩ ዘንጎች ውስጥና በዘንጎቹ መካከል በታሰረው የረጋ አየር ላይ ነው፤ የረጋ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ጢስና የሞቀ አየርም በክዳኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። ቁልቁለቱ በቂ ከሆነ ዝናቡ ላይኛውን ጥቂት ንብር ብቻ አርሶ ይወርዳል። በደረቅ ደጋ የሚታየው ሌላ መንገድ የአፈር ጣሪያ ነው፤ በትግራይ ሕድሞ በሚባለው ነባር ቤት በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ላይ ወራጅ ተረብርቦ አፈር ይጫንበታል፤ ይህም ግድግዳው የሚሠራውን ጣሪያው እንዲደግመው ያደርጋል። ዝናቡ በበዛበት ስፍራ ግን ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ ውኃውን ለመጣል ይቸገራል።

ይህን ስል ቆርቆሮ የመረጡትን ሰዎች መውቀሴ አይደለም። ለክዳን የሚሆን ሣር በብዙ ቦታ ጠፍቷል፤ ክዳኑ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ እሳትም ያሰጋዋል። ቆርቆሮ ዝናብን በአስተማማኝ ሁኔታ ይመልሳል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ቆርቆሮው ዝናቡን ብቻ እንዲመልስ፣ ሙቀቱን ግን ወደ ቤት እንዳያወርድ እንዴት ይደረግ የሚለው ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለው ምላሽ አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በቡርኪናፋሶ ጋንዶ መንደር ያሠራውና በ2001 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳው ከተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ የተሠራ ነው። በክፍሎቹ ላይ ደግሞ እርስ በርስ ክፍተት የተተወላቸው የአፈር ጡቦች ኮርኒስ ሆነው ተደርድረዋል። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ርቆ፣ ከቀጫጭን ብረት በተበየደ ቀላል ተሸካሚ ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከግድግዳውም አልፎ በሰፊው ይወጣል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው በሥሩ ያለው አየር ይሞቅና በጎን ይወጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቅ አየርም በኮርኒሱ ክፍተቶች ተስቦ ይከተለዋል፤ በመስኮቶቹ በኩልም አዲስ አየር ይተካል። የወጣው ክፈፍም ዝናብ እንዳይነካቸው አድርጎ የአፈር ግድግዳዎቹን ይጠብቃል። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. ለአርክቴክቶች የሚሰጠውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ የማደንቀው፣ ከነባሩ ቤት የወሰደው አሠራሩን መሆኑ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ከአካባቢው ጎጆ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ጥቂት ነው።

ሰገነት፣ ለጥያቄዎ መልሴ አዎን ነው፤ ከቆርቆሮ ሥር የጭቃ ግድግዳ ትርጉም አለው፤ ነገር ግን በመካከላቸው ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተትና ከባድ ወይም ሙቀት የሚከለክል ኮርኒስ ሊኖር ይገባል። አቧራውን በተመለከተ የማማው ቀዳዳ በቀን መዝጊያ ይኑረው፤ ነፋሱም ከመግቢያው ቀጥ ብሎ ወደ ክፍሉ ከሚወርድ ይልቅ በታች ሰፋ ባለ ጓዳ ፍጥነቱን ቢቀንስ የሚከብደው አቧራ እዚያው ይወድቃል።

መሠረት፦

ውይይቱ ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ የነባር ቤቶች ጉዳትም በዚሁ ክር መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። በታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኢራን የባም ከተማ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.6 ሲሆን ከ25,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ያን ያህል ሕይወት የጠፋበት አንዱ ዋና ምክንያት ከባዱ የጭቃ ጡብ ግድግዳና ጣሪያ በነዋሪዎቹ ላይ መናዱ ነበር። ለሙቀት የሚያገለግለው ክብደት በመንቀጥቀጥ ጊዜ ጠላት ይሆናል።

ጢሱም ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ ነባር ቤቶች ምድጃው በቤቱ መካከል ሆኖ ጢሱ ክዳኑን ከተባይ ይጠብቅ ነበር፤ የዶርዜን ከቀርከሃ የተሸመኑ ረጃጅም ቤቶች የመሳሰሉት ዕድሜያቸው ከምድጃው ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ያው ጢስ ሳንባን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ምድጃው ከቤት ሲወጣ የክዳኑ ጠባቂ አብሮ እንደሚወጣ ማወቅና ሌላ መከላከያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ጉልበት አለ። በማሊ የጄኔ ታላቁ መስጊድ አሁን ያለው ሕንፃ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞ የሚገኘው የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ወጥቶ ስለሚለስነው ነው። ለአንድ ቤተሰብ የሚሠራ ቤት እንዲህ ያለ ሕዝብ የለውም። ልስኑን ማን እንደሚያድስ ያልታሰበበት የጭቃ ቤት በጥቂት የዝናብ ወራት ይሸነቆራል።

ካብና ጭቃ፦

መሠረት ያነሱት የሚካድ አይደለም። በመንቀጥቀጥ ቀጠና ያልተጠናከረ የጭቃ ጡብ ፎቅ እንዲሠራ እኔም አልፈቅድም። ነገር ግን ነባሩ ጥበብ ለዚህም የራሱ መልስ እንዳለው ልጨምር። በካሽሚር ዳጂ ዴዋሪ የሚባለው አሠራር ግድግዳውን በቀጫጭን እንጨቶች ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፍለውና በመካከላቸው ድንጋይና ጭቃ ይሞላል። በ2005 እ.ኤ.አ. በደረሰው ታላቅ መንቀጥቀጥ በዚህ መንገድ የተሠሩ ቤቶች ካልተጠናከሩት የድንጋይ ቤቶች የተሻለ ቆመዋል፤ እንጨቱ ሲታጠፍና ሙሌቱ ሲፋተግ የመናወጡን ኃይል ይውጡታልና። በምሰሶና በማገር የሚሠራው የእኛ ጭቃ ቤትም መሠረተ ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም። እንዲህ ያለው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ሙቀትን የሚያዘገየው ለአጭር ሰዓት ነው፤ ያን ጉድለት ወለሉን ከባድ በማድረግና ግድግዳውን በበረንዳ ጥላ በመከለል ማካካስ ይቻላል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሌሊቱ መሞቅ ነው። የምድር ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ በብዙ አካባቢዎች ሌሊቶች ከቀኖች በፈጠነ ሁኔታ ሞቀዋል፤ በትልልቅ ከተሞችም አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል። ግድግዳው የሚታደሰው በቀዝቃዛ ሌሊት ስለሆነ ሌሊቱ 20 የነበረበት ቦታ 26 ሲሆን አያቶቻችን ያወረሱን ውፍረት ብቻውን አይበቃም። ሰገነት፣ የጠቀሱት 20 ዲግሪ የትኛው ዓመት መዝገብ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ቤቱ የሚቆየው ለሚቀጥሉት 50 ዓመታት ነውና ለዚያ ዘመን ያስቡ። የምዕራቡን ግድግዳ ከውጭ በኩል በሣር ወይም በሌላ ሙቀት ከልካይ መሸፈን፣ ከባዱን አካል ደግሞ በውስጥ መተው አንድ መፍትሔ ነው፤ ከባዱ አካል የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንዲይዝ፣ የቀኑ ፀሐይ ግን እንዳያገኘው ያደርጋል።

ሰገነት፦

ከዚህ ውይይት በመነሳት ንድፉን እንደሚከተለው ለውጬዋለሁ። ቤቱ ረጅም ጎኑን ለሰሜንና ለደቡብ ሰጥቶ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል መስኮት አይኖረውም፤ ዝቅ ብላ የምትመጣውን የጠዋትና የማታ ፀሐይ በክፈፍ መከላከል እንደማይቻል ተረድቻለሁና። ግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር የጭቃ ጡብ ሆኖ አካባቢው የመንቀጥቀጥ ስጋት ስላለበት ፎቅ አይኖረውም፤ በመሠረቱ፣ በመስኮቶቹ ራስና በግድግዳው አናት የተያያዘ ማሰሪያ ይዞርበታል። ቆርቆሮው ከጡብ ኮርኒሱ ከፍ ብሎ በነፋስ ላይ ይቀመጣል። ማማው አፉን ወደ አመሻሹ ነፋስ ብቻ ይከፍታል። ያልቆረጥኩት የክፍተቱ ቁመት ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው።

ወራጅና ማገር፦

ክፍተቱ በዝቅተኛው ጎን ቢያንስ ሰው ገብቶ ሊጠርገው የሚችል ይሁን፤ የወፍ ጎጆና ቅጠል ከዘጋው ነፋሱ ይቆማልና። በጎኖቹ ወንፊት ይገጠምበት። ጡቡ ከመመታቱ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ያድርጉ፦ በሙቀቱ ወራት ጥላ ባለው ቦታ መለኪያ ሰቅለው የንጋቱን ዝቅተኛና የቀትሩን ከፍተኛ ሙቀት፣ ከእርጥበቱ ጋር፣ ለጥቂት ሳምንታት ይመዝግቡ። የንጋቱ ቁጥር ከ24 ዲግሪ በላይ ሆኖ ካገኙት ግድግዳውን ከመጨመርዎ በፊት የሌሊቱን መስኮቶች ያስፉ፤ መዝገቡንም እዚሁ ቢለጥፉልን የኮርኒሱን ውፍረት አብረን እናሰላዋለን።